«ሲቲው ንጹህ ነው»

አቡዳቢና አል አይን ባለን ሐበሾች ዘንድ አንድ አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲቲ ስካን ተነሥቶ ምንም ካልተገኘበት ጤነኛ ነው፤ የቀረው ራስ ምታት ወይ በፓናዶል ይለቃል፣ ወይ ከሥራ ማምለጫ ሰበብ ነው። ማዳሞች ቢሉት አይገርመኝም። የሚገርመኝ እኛው እርስ በርሳችን ስንባባለው ነው።

ሲቲ ደምንና ስብራትን ያያል፤ ለዚያ የሚተካከለው የለም። የአንጎል መናወጥ ግን በአብዛኛው የሴሎች አሠራር መዛባት ስለሆነ ፎቶው ላይ አይወጣም። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው የካናዳ መመሪያ፣ ማን ሲቲ ይነሣ የሚለውን ሲወስን ደጋግሞ ማስታወክን፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድሜን፣ ከከፍታ መውደቅን ይጠይቃል፤ ራስ ምታትን ከነጭራሹ አያነሣም። ሕመሙ በምን ይታከም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ደግሞ ማሽን አይመልሰውም።

እስቲ አል አይን ቪላ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ እናስብ። መጋረጃ ልታወርድ መሰላል ላይ ወጥታ በማጅራቷ ወደቀች። ማዳም በመኪናዋ ድንገተኛ ክፍል ታደርሳታለች። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ማዳም በአረብኛ ትመልሳለች፣ ልጅቷ ግንባሯን ይዛ ወለሉን ታያለች። ብርሃን ይረብሽሻል? ያቅለሸልሽሻል? ይወቅርሻል ወይስ ዙሪያውን ጨምድዶ ይይዝሻል? አንገትሽስ? ብሎ በሚገባት ቋንቋ የሚጠይቃት የለም። ሕክምናው የሚለየው ግን በእነዚህ መልሶች ነው። ማይግሬን ለሚመስለው ማስታወክን የሚያስታግሰው ሜቶክሎፕራማይድ ይረዳል፤ በ2021 ይፋ የሆነ የኒውዮርክ ጥናት ከጉዳት በኋላ ለሚመጣ ራስ ምታት በ160 ሕሙማን ላይ ሞክሮት፣ በደም ሥር ከዳይፈንሃይድራሚን ጋር ሲሰጥ ከባዶ መድኃኒት የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ከአንገት የመጣ ሕመም ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ይፈልጋል።

ልጅቷ ግን ፓናዶል ኤክስትራና የማታነበው ወረቀት ይዛ ወጣች። ያኑ ማታ ወጥ ቤት ገባች፤ አምፖሉ፣ የልጆቹ ጩኸት፣ የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን። ጠዋት ፓናዶል፣ ማታ ፓናዶል። ካፌይን የተቀላቀለበት ማስታገሻ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ያኔ «ሲቲው ንጹህ ነበር እኮ» እያሉ ያሾፉባታል። (የለመደችውን ቡና በድንገት ካቋረጠች ደግሞ ይብስባታል።)

የመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ሥራ የሚቀነስባቸው ናቸው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል። በአሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ ይህን ዕረፍት በልመና አታገኘውም። በ2022 የወጣው የኢማራት የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣታል፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ሆኖም የሕክምና ማስረጃ ይጠይቃል። ሐኪሙ ሁለት መስመር ካልጻፈላት ሕጉ ለእሷ የለም ማለት ነው። ለዚህ ነው ከሲቲው ይልቅ የሐኪሙ እስክሪብቶ ይበልጥ ያድናል የምለው።

ድንገተኛ ክፍል ለነፍስ አድን ነው፣ ለራስ ምታት ጊዜ የለውም የሚሉ አሉ። አራት ጥያቄ ሲቲ ከመጠበቅ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል የሚለውም እውነት ነው፤ የማይሻለውን ለመለየት ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ያመጣት ሰው አስተርጓሚዋ አይሁን፤ አስተርጓሚ በስልክም ቢሆን ይፈለግላት። የምትይዘው ወረቀት በአማርኛ ይጻፍ፦ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰሽ፣ ከእንቅልፍ መንቃት ካቃተሽ፣ እጅ ወይም እግርሽ ከዛለ፣ ካንቀጠቀጠሽ፣ ንግግርሽ ከተኮላተፈ ቶሎ ተመለሺ፤ አምቡላንስ 998 ነው። ከታችም የዕረፍቱ ቀናትና የሐኪሙ ፊርማ።