ቄጠማው ከየት ይመጣል?

በዘመን መለወጫ ቤታችን የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀን እናውቃለን? ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንጓዝ ግራና ቀኝ የምናያቸው ጨፌዎች መልሱን ይሰጡናል። በልጅነቴ የማውቃቸው ጨፌዎች ግን ዛሬ ከፊሎቹ የባሕር ዛፍ ደን፣ ከፊሎቹም እርሻ ሆነዋል። ገበሬውን አልወቅስም። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ገንዘብ ይሆናል፤ ጨፌው ግን የሁሉም በመሆኑ የማንም ሳይሆን ቀርቷል።

ነገሩ የቄጠማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። በውኃ የተሞላ አፈር አየር ስለማያገኝ የሣሩና የደንገሉ ቅሪት በቅጡ ሳይበሰብስ ለዘመናት ይከማቻል። ጨፌው ሲደርቅ ያ ክምችት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። «ጨፌስ ራሱ ሚቴን ያመነጭ የለምን?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያመነጫል። እርሱ ግን ከጥንት የነበረ ነው፤ አድርቀን የምንለቀው አዲስ ዕዳ ነው። ምንጩ ሲነጥፍ ደግሞ ሰውም ከብትም ይጠማል።

ከጣና ማዶ ያለው ፎገራ ሌላውን ገጽታ ያሳየናል። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ በርብና በጉማራ ጎርፍ የሚዋጠውን ሜዳ የእህል ጎተራ አደረገው። ቤተሰብ ያጠገበን ሰብል ማማት ነውር ነው። ሆኖም ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ረቂቅ ተሕዋስያን ሚቴን ያመርታሉ፤ በ100 ዓመት ስሌት አንድ ቶን ሚቴን ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። መላው ታውቋል፦ ውኃው ከአፈሩ ገጽ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ጠብቆ መልሶ ማጠጣት፣ ሩዙ ሲያብብ ብቻ ውኃ አለማጓደል። በእስያ በዚህ ዘዴ ምርት ሳይጓደል ሚቴኑን በሲሶና ከዚያም በላይ መቀነስ ተችሏል። ዳሩ ግን የፎገራ ገበሬ በአብዛኛው ውኃ የሚያገኘው ከሰማይና ከጎርፍ ነው። ቦይና መዝጊያ ሳይሠሩለት «ማሳህን አፈራርቅ» ማለት ቧልት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን ልቀት በ2030 ከ150 ሚሊዮን ቶን እንዳያልፍ ለመግታት ያለመ ነበር። ቁጥሩ የሚጻፈው አዲስ አበባ ነው፤ ጨፌው የሚሸነሸነው ግን ቀበሌ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው ይህን ነው። አስቀድሞ ያልደረቀው ጨፌ ይከለል፤ በአካባቢው ሕዝብ ስም ይመዝገብ፤ ሣሩንም አጭዶ የመውሰድ መብት ይሰጠው። ባሕር ዛፍ ከምንጭ ራስ ይራቅ። ሩዝ በመስኖ በሚለማበት ስፍራ ቦዩ ከነመዝጊያው ይሠራ። የካርቦን ገንዘብ ከመጣም በቅድሚያ ጨፌውን ለጠበቀው ይድረስ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ብዙ ባሳጣው ጎጃም ስለ ጋዝ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። ብዙ ያጣ ገበሬ ምንጩንና ግጦሹን ደርቦ ማጣት የለበትም።