የተሰነጠቀ የካርቦን ቸርኬ ለጥፎ መንዳት ጀግንነት አይደለም!

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡት። ብስክሌት ባትነዱም የሚነዳ ልጅ ወይም ወንድም ካላችሁ ይመለከታችኋል።

ባለፈው ሳምንት በአንድ የብስክሌተኞች ግሩፕ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ልጅ የፊት ጎማውን ፎቶ አንሥቶ ላከ። ካርቦን ነው። አሜሪካ የሚኖር አጎቱ ለበዓል ሲመጣ በሻንጣ ያመጣለት ነው። ልጁ ከሱሉልታ ሲመለስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቸርኬው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከአንዱ የሽቦ ቀዳዳ አጠገብ ተነሥቶ ፍሬን እስከሚነክሰው ጠርዝ ድረስ ይሄዳል። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ይጠገናል ወይስ ይቀየር?»

አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ ዘነበ። «ኢፖክሲ ቀባው፣ ጥቁር ቀለም ደርብበት፣ ንዳው!» እኔ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ «አይነዳም።» ከዚያ በኋላ ስድቡ የኔ ሆነ። «የሀብታም ምክር ነው» አሉኝ። «ልጁን አታስፈራራው» አሉኝ። አንዱ ደግሞ «እኛ አገር የማይጠገን ነገር የለም» ብሎ ዘጋው። እሳትና ጭብጨባ የተደረገለትም እሱ ነው።

እኔም ቢሆን ይህችን አባባል እወዳታለሁ። የኖርኩት በመጠገን ነው። የተጣመመ ቴላዮ አቅንቻለሁ፣ ያለቀለት የተባለ ሞዞ ኩሽኔታ ቀይሬ አስነሥቻለሁ። ስለዚህ ጥገናን የሚንቅ ሰው እየጻፈ እንዳይመስላችሁ። ግን መጠገንና መሸፈን አንድ አይደሉም። በግሩፑ ውስጥ ለልጁ የተመከረው መሸፈን ነው።

አቋሜን ልንገራችሁ፦ የተሰነጠቀ የካርቦን ቸርኬ አይለጠፍም፣ ይቀየራል። የሚቀየረው ግን ቸርኬው ነው እንጂ ጎማው በሙሉ አይደለም። ክርክራችን የተበላሸው እነዚህን ሁለት ነገሮች ባለመለየታችን ነው።

ይህን በምን ድፍረት እንደምናገር ታውቁ ዘንድ ብዙ ጊዜ የማልናገረውን ልናገር። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ለክለብ ጓደኛዬ የተሰነጠቀ ቸርኬ ለጥፌለታለሁ። ኢፖክሲ በጠበጥኩ፣ ከላዩ ጨርቅ አለበስኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁ። ሲያልቅ ስንጥቁ የት እንደነበረ እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁት። እንዴት እንደኮራሁ! ሁለት ሳምንት ነዳው። በሦስተኛው ሳምንት ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን ያዘ። የለጠፍኩት ቦታ ለቀቀ፣ የፊት ጎማው ባለበት ቆመ። ትከሻው ተሰበረ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወለቁ። ያን ዓመት አልተወዳደረም፣ በሚቀጥለውም አልተመለሰም። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። የሚከብደኝም እሱ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ።

አሉሚኒየም ሲመታ ይጎብጣል። ጉብጠቱን በዓይንህ ታየዋለህ፣ ሲሽከረከር ፍሬኑን ሲነካ ትሰማዋለህ። ካርቦን እንደዚህ አይደለም። ካርቦን የሚባለው በጣም ቀጫጭን ክር በንብርብር ተደርድሮ በሙጫ ተነክሮ በቅርጽ ውስጥ በሙቀትና በግፊት የደረቀ ነገር ነው። ጥንካሬው ያለው ክሩ ሳይቆረጥ ዙሪያውን በመሄዱ ነው። ሲመታ ክሩ ይቆረጣል፣ ንብርብሩም ከውስጥ ይላቀቃል። ከላይ የምታየው የፀጉር ያህል መስመር ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ ያለው መላቀቅ ግን ሦስት ጣት ሊሄድ ይችላል። ከላይ ኢፖክሲ ስትቀባ የቀባኸው ቆዳውን ነው። የተቆረጠውን ክር አልቀጠልከውም።

የተሰነዘሩትን መልሶች አንድ በአንድ ልያቸው።

«ቴላዮ ይጠገን የለ? ቸርኬስ ለምን አይጠገንም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ የካርቦን ቴላዮ በሚያውቅ ሰው እጅ ይጠገናል። የተጎዳው ተፍቆ ይወጣል፣ አዲስ የካርቦን ጨርቅ በክሩ አቅጣጫ ይደረባል፣ ቦታው ትንሽ ቢወፍርም ማንንም አይጎዳም። ቸርኬ ላይ ግን መወፈር አይቻልም። ፍሬን የሚነክሰው ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ካበጠ በዞረ ቁጥር ፍሬኑን ይይዛል። ጎማው የሚቀመጥበት ከንፈር ትንሽ ከተዛባ ጎማው ሊወጣ ይችላል።

ጭነቱንም አስሉት። የፊት ጎማ 20 ሽቦ ቢኖረውና እያንዳንዱ 100 ኪሎ ያህል ቢስብ ድምሩ 2,000 ኪሎ ነው። ልጁ ገና ሳይወጣበት ቸርኬው ሁለት ቶን ተሸክሞ ነው የቆመው። በዚያ ላይ ጎማው በ6 ባር ሲነፋ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 6 ኪሎ ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። ከዚያ ጉድጓዱ ይመጣል።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። ቸርኬውን የሚነክስ ፍሬን ከሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ጠርዙ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ቤት ውስጥ በጥብጠን የምንቀባው ተራ ኢፖክሲ ግን ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ሜዳ ላይ ያልለቀቀህ ሙጫ ከእንጦጦ ስትወርድ የሚለቅህ ለዚህ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የወረደ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በዲስክ ፍሬን የሚነዳ ይህ ሙቀት አይመለከተውም። የሽቦው ስበት፣ የአየሩ ግፊትና ጉድጓዱ ግን እሱንም አይምሩትም።

«እኔ ለጥፌ 1,000 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም!»

እሰይ፣ እንኳን ተረፍክ። ግን ወንድሜ፣ ግሩፕ ላይ የሚጽፈው የተረፈው ነው። የወደቀው ብስክሌቱን ሸጦ ከግሩፑ ወጥቷል። ስንጥቅ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። በዞረ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይሄዳል። 1,000 ኪሎ ሜትር መሄዱ መጠገኑን አያሳይም፤ ጊዜው አለመድረሱን ብቻ ነው የሚያሳየው።

«ፈረንጆቹ ያስጠግናሉ!»

ውጭ አገር የካርቦን ጠጋኞች አሉ፣ እውነት ነው። በአልትራሳውንድ ውስጡን መርምረው ይሠራሉ። ከእነሱም ብዙዎቹ ቴላዮ ይቀበላሉ፣ ቸርኬ ግን ይመልሳሉ። ልጆቻችን በስልክ የሚያዩዋቸው ታላላቅ ተወዳዳሪዎችስ? ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። በዚያ ውድድር ጎማው የተጎዳበት ሰው ምን ያደርጋል? እጁን ያነሣል፣ ከኋላው የሚከተለው መኪና ሌላ ጎማ ይሰጠዋል፣ በሰከንዶች ውስጥ ተቀይሮለት ይሄዳል። ቸርኬ ለጥፎ የሚወርድ እዚያ የለም። የእኛ ልጅ ከኋላው መኪና የለውም ማለት አካሉ ርካሽ ነው ማለት አይደለም።

«ገንዘቡን ማን ይሰጠዋል?»

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ክብደት ያለው ጥያቄ ይሄ ብቻ ነውና። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደወጣ የምታውቁት ነው። ለአንድ የክለብ ልጅ ጥንድ የካርቦን ጎማ የዓመት ደመወዝ ሊሆንበት ይችላል። «ግዛ» ማለት ቀላል ነው፣ እኔም አልልም።

የምለው ይኸውላችሁ። የሞተው ቀለበቱ ነው። ሞዞው አልሞተም፣ በጥሩ ጎማ ላይ ደግሞ ውዱ ክፍል አንዱ እሱ ነው። ሽቦዎቹን ፍቱ፣ ሞዞውን አውጡ፣ በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ አዲስ ጎማ አስሩበት። ሦስት ነገር ጠብቁ። የቸርኬው ቀዳዳ ቁጥር ከሞዞው ጋር እኩል ይሁን፤ ሞዞው 20 ከሆነ 32 ቀዳዳ ያለው ቸርኬ አይሆንም። የቀድሞው ቸርኬ ጥልቅ ከነበረ ሽቦዎቹ አጭር ናቸውና አይደርሱም፤ ርዝመቱን ለክታችሁ አዲስ ግዙ። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚነክስ ከሆነ ለካርቦን የተሠራውን የፍሬን ላስቲክ አውጥታችሁ ለአሉሚኒየም የሚሆነውን አስገቡ።

«ታዲያ ፍጥነቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። እናስላው። ነጂውና ብስክሌቱ አብረው 70 ኪሎ ናቸው እንበል። የአሉሚኒየሙ ጎማ በ200 ግራም ከበደ እንበል። 30 ደቂቃ በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚጎድልብህ 5 ሰከንድ ያህል ነው። አምስት ሰከንድ! ሜዳ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ጥልቁ ካርቦን ነፋስ በመቁረጥ ይበልጣል፣ አልክድም። ግን ለዚያች ትርፍ በተለጠፈ ቸርኬ መውረድ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ብዙ ታዋቂ አምራቾች በአደጋ ለተሰበረ ቸርኬ በቅናሽ ምትክ ይሰጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ዕቃውን አጎትህ ገዝቶልህ ከሆነ ደረሰኙን እንዲፈልግ ንገረው። ይሉኝታ ይዞህ «ስጦታህን ሰበርኩት» ማለት አትፍራ። አጎትህ ከሆስፒታል ከሚደወልለት ይህን ቢሰማ ይመርጣል።

አሁን ደግሞ ለእኔ ወገን ላሉት አንድ ነገር ልበል። ጭረት ባየ ቁጥር «ጣለው» የሚልም ሰው ልክ አይደለም። ካርቦን ላይ የሚታይ መስመር ሁሉ ስንጥቅ አይደለም። ብዙው የላይኛው ቀለም ጭረት ነው። እንዲህ መርምሩ፦

ጎማውንና ካላማዳሪያውን አውጥታችሁ ቸርኬውን እጠቡና አድርቁ። በባትሪ መብራት ከጎን እያበራችሁ ውስጡንም ውጩንም ዙሩ፤ በተለይ የሽቦ ቀዳዳዎቹንና የጎማውን ከንፈር። ቀጭን ጨርቅ አስኪዱበት፤ ክሩን የሚይዝ ቦታ ካለ ያ ጭረት አይደለም። በሳንቲም ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፤ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው የታፈነ። የተጠራጠራችሁበትን ቦታ በአውራ ጣት ጫን አድርጉ፤ ከለሰለሰ ወይም ከተንጣጣ አለቀ። ሽቦዎቹን ንኩ፣ አንዱ ያለ ምክንያት ከላላ ጠይቁ። ምንም ካልተገኘና ጥፍር የማይይዘው ጭረት ብቻ ከሆነ ፎቶ አንሡት፣ ንዱት፣ በየሳምንቱ ከፎቶው ጋር አስተያዩት። ከባድ ምት ከነበረና ጥርጣሬው ካልወጣላችሁ ግን በተለይ የፊት ጎማ ከሆነ አትንዱት። የኋላው ሲሰበር ሰው በቂጡ ይቀመጣል፣ የፊተኛው ሲሰበር በፊቱ ይወድቃል።

ለሁለት ወገኖች ደግሞ በቀጥታ እናገራለሁ።

የተሰበረ ቸርኬ ገዝታችሁ፣ ለጥፋችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ «ንጹህ ዩዝድ ነው» ብላችሁ ለምትሸጡ፦ ይህ ንግድ አይደለም። እኔ ለጓደኛዬ የለጠፍኩት ባለማወቅ ነው፣ ያም ሆኖ እስካሁን አልተወኝም። እናንተ የምታደርጉት አውቃችሁ ነው።

ለክለብ ኃላፊዎችና አሠልጣኞች፦ የተለጠፈውን ጎማ ለታዳጊው አትስጡት። «ለልምምድ ይሆናል» አትበሉ። ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ቢወዳደር ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ግን በልምምድ ነው። አሠልጣኙ የሰጠውን ዕቃ «አልነዳም» ማለት የሚችል የ16 ዓመት ልጅ የለም። እምቢታው ከእናንተ መምጣት አለበት።

ሳልረሳው፣ የዚያ ልጅ ነገር የት ደረሰ? ቅዳሜ ቸርኬውን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ በዓይንህ እየውና ወስን» አለኝ። እኔ አልወሰንኩም። አውራ ጣቱን ስንጥቁ ላይ አስቀምጬ «ተጫነው» አልኩት። ተንጣጣ። ዝም ብሎ አየኝ። ሽቦዎቹን አብረን ፈታን። ሞዞው ደህና ነው፣ በወረቀት ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወስዶታል። አጎቱ 20 ቀዳዳ ያለው የአሉሚኒየም ቸርኬ እየፈለገለት ነው። እስከዚያው በተውሶ ጎማ እየነዳ ነው፣ ትንሽ ይከብዳል፣ ያማርራል፣ ግን ይነዳል።

አሮጌውን ቸርኬ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ብናኙ ሳንባ አይወድምና፣ በመጋዝ ሦስት ቦታ ቆረጥነው። ውስጡ ከስንጥቁ አልፎ ሦስት ጣት ያህል ተላቆ ነበር። ከውጭ ምንም አይታይም ነበር። የቆረጥነው ለበቀል አይደለም። ቆሻሻ ላይ በሙሉው ብንጥለው አንዱ አንሥቶ፣ ቀብቶ፣ ለሌላ ልጅ ይሸጠዋል።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። የሞተ ቸርኬ ከቤታችሁ ሙሉ ሆኖ አይውጣ። ጠጋኝ ነኝ የሚል ሰው የማይጠገነውንም ያውቃል። ሳይቃጠል በቅጠል።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንነጋገር፣ ስድቡን ለምጄዋለሁ። የምትስማሙ ደግሞ ብስክሌት ለሚነዳ አንድ ሰው ላኩለት።

መልካም ሳምንት!