ሌባ ሻይ በቴሌቪዥን

ቀደምቶቻችን ሌባ ሻይ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ንብረት ሲጠፋ አንድ ለጋ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ያጨሳል፤ ናላው ይዞራል፤ ከዚያም ወገቡን ታስሮ እየተንገዳገደ ሰፈር ለሰፈር ይነዳል። ሄዶ የተዘረረበት ቤት ባለቤት፣ እሱ ሌባ ነው፤ አለቀ! ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ምን ይዘን ነው የምንስቀው?

መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ ግድም ካለ ሻይ ቤት ማታ ቁጭ እንበል። የወንጀል ፕሮግራም ሲጀመር ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል። ካቴና የገባለት ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ተሸካሚ ወይም ጎዳና አዳሪ፣ ካሜራ ፊት ይቆማል። «ሰርቀሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ጥያቄው «እንዴት ሰረቅህ?» ነው። ሻይ ቤቱም ስኳሩን እያማሰለ ፍርዱን ይሰጣል፦ «እንዲህ ያለውን መስቀል ነበር!» ዳኛው ገና መዝገቡን አልገለጠም እኮ!

በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በቁጥር 27፣ ፖሊስ የያዘው ሰው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ ይነገረው ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ሰጥቶታል። በላ ልበልሃ ይባል በነበረው በዚያ «ኋላ ቀር» ሙግት እንኳ ተከሳሽ ቆሞ፣ ኩታውን አጣፍቶ፣ በላንቃው ልክ ይከራከር ነበር። በቴሌቪዥኑ ችሎት ግን የተፈቀደለት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ እመን!

ነገሩ በኪስ አውላቂ አያበቃም። መርካቶ አንዋር መስጊድ ደጃፍ ድምፁን ያሰማ የነበረው የሙስሊሞች ተቃውሞ መሪዎች በ2004 ዓ.ም ታሰሩ። ክሱ ገና ሲታይ፣ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ አዝዞ ሳለ፣ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም ለቀቀው። ታሳሪዎቹ በመርማሪ ፊት የተናገሩት ለሕዝብ ታየ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ናችሁ ያላቸው በ2007 ዓ.ም ነው። ከዚያም በፊት፣ በኅዳር 2004 ዓ.ም፣ «አኬልዳማ» በእነ እስክንድር ነጋ ላይ ያንኑ ሥራ ሠርቷል፤ የእነሱም ፍርድ የመጣው ከወራት በኋላ ነበር። ፊልም ቀድሞ ፈረደ፤ ችሎት ተከተለ።

«ተበዳይስ?» የሚለን አይጠፋም። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው! ምን አለሽ ተራ ዕቃዋን የተዘረፈችው ሴትዮ ለግማሽ ደቂቃ ታለቅሳለች፤ ሙዚቃ ይገባል፤ አለቀ። ዕቃው ተመለሰላት ወይ? ካሣ አገኘች ወይ? ያን ለመከታተል የሚመለስ ካሜራ አላየንም። እንባዋ ለፕሮግራሙ ማጣፈጫ ሆነ እንጂ ለእሷ ምን ፈየደላት? ልጁም ነጻ ቢባል፣ ነጻ መውጣቱን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሙዚቃ የሚያውጅለት ማን ነው? ሸራ ተራ የሚያውቁት ሁሉ ሸክም ሊሰጡት ይፈራሉ።

ዛሬ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ይኸው ገበያ ደርቷል፤ የሟች ፎቶግራፍ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ በመሐል የሳሙና ማስታወቂያ።

ጽሑፉን የሚጽፈው፣ ድምፁን የሚያውሰው ማን ነው? ቋንቋና ጋዜጠኝነት ተምረን የምንወጣው እኛው አይደለንም እንዴ? ስለዚህ አሁኑኑ፣ ሳንመረቅ እንነጋገር፦ ፍርድ ሳይሰጥ የማንንም ፊት ለሚያሳይ ፕሮግራም አንድ መስመር እንዳንጽፍ። እምቢ የሚል ካለ ምክንያቱን ይዞ ይምጣ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ አንነፍገውም።