ዝምታ ሁሉ አርምሞ አይደለም

ስም የነገር መታወቂያ ነው። ስሙ ከነገሩ የተለየ እንደ ሆነ ሰሚው ይታለላል፤ ተናጋሪውም ቢያውቅ ሐሰተኛ፣ ባያውቅ ያልተማረ ይባላል። ዝምታ፣ ጸጥታ፣ እርጭታ፣ ጭምትነት፣ ለሆሳስ፣ አርምሞ የሚባሉት ቃላት አንድ ስለሚመስሉ ብዙ ሰባኪና ብዙ ጸሐፊ አንዱን በሌላው ስፍራ ያገባዋል። ዳሩ ግን አንድ አይደሉም።

ዝምታ የአንደበት ነው፤ መናገር የሚችል ሳይናገር ሲቀር ዝም አለ ይባላል። ስለዚህ ጌታ በሄሮድስ ፊት ዝም አለ ማለት ይገባል፤ ካህኑ ዘካርያስ ግን አንደበቱ ተይዞ ነበርና ዝም አለ ቢሉት ስሕተት ነው። ጸጥታ የስፍራ ነው፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ማዕበሉ ከተገሠጸ በኋላ በባሕሩ ላይ የሆነው ይህ ነው። እርጭታ ከጸጥታ ይጠልቃል፤ በእኩለ ሌሊት ውሻ እንኳ ሳይጮኽ ሲቀር መንደሩ እርጭ አለ ይባላል። ጭምትነት የጠባይ ነው፤ ጭምት ሰው ይናገራል፣ ነገር ግን ቃሉን ይመጥናል። ለሆሳስ ፈጽሞ ዝምታ አይደለም፤ ቄሱ በቅዳሴ በለሆሳስ ሲጸልይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ቃሉን አያስቀርም።

አርምሞ ከነዚህ ሁሉ ይለያል። አርመመ ከሚለው ከግእዙ ግሥ የወጣ ነው፤ በአማርኛም የመነኮሳት ትሩፋት ስም ሆኗል፤ ይኸውም ልብ ከእግዚአብሔር ጋራ እንዲነጋገር አንደበትን በፈቃድ መዝጋት ነው። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ቅኔ ሲቈጥር አፉ ዝም ይላል፣ ልቡ ግን ይሠራል፤ ኋላም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል። የአርምሞ ምሳሌው ይህ ነው፤ ዝምታው ፍሬ አለውና።

እንግዲህ ድኻ በሐሰት ምስክር ቤቱን ሲነጠቅ እያወቀ ከዳኛ ፊት ያልቀረበ ሰው አርምሞ ይዣለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ባለጠጋውን እንዳያስቀይም ተግሣጹን የዋጠ ካህንስ ጭምት ይባላልን? የዚህ ስሙ ፍርሃት ነው። ሕዝቡም ቃል አላጣለትም፤ ጭጭ አለ ይለዋል። በተረትም አሥራ ሁለት በጎች ዝም ብለው በአንድ ነብር እንዳለቁ ይነገራል፤ አረመሙ ያላቸው ግን የለም።

ጸጥታ የሚለውም ቃል ዛሬ ለጥበቃ ሥራ ተሰጥቷል፤ በ1937 ዓ.ም. በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር የተቋቋመው ሸንጎ እንኳ በአማርኛ የጸጥታው ምክር ቤት ይባላል። አጠራሩ ተለምዷልና ይቆይ። ነገር ግን ሰው ፈርቶ ደጁን በዘጋበት መንደር ጸጥታ ሰፈነ ብሎ መጻፍ፣ ነቢዩ ኤርምያስ ሰላም ሳይኖር ሰላም አለ በሚሉት ላይ ከጮኸባቸው ጋራ መቈጠር ነው።

አንዳንዱ፣ «ነገሩ ከታወቀ ስሙ ምን ይጐዳል?» ይል ይሆናል። እጅግ ይጐዳል። ለኃጢአቱ የትሩፋት ስም የሰጠ ሰው ንስሓ አይገባም፤ የሚናዘዘው ነገር አይታየውምና። ስለዚህ ጸሐፊም ሰባኪም ቃሉን ከማውጣቱ አስቀድሞ ይመርምር፤ ዝም ያለው ማን ነው? በፈቃዱ ነውን? ስለ እግዚአብሔር ነውን ወይስ ስለ እንጀራው? መልሱን ካገኘ ትክክለኛውን ስም አያጣም።