የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ፦ ከጉኑኖ የቀረበ ጥሪ

በወላይታ፣ በዳሞት ሶሬ ወረዳ በምትገኘው በጉኑኖ አንድ ሰው ተጠርጥሮ ሲያዝ ከማንም ቀድሞ እስክሪብቶ የሚያነሣው ተረኛው ፖሊስ ነው። ዳኛው ገና አላየም፣ ዐቃቤ ሕጉ ገና አልሰማም፣ ጠበቃም ገና አልተጠራም። ተረኛው ግን ስም ይጽፋል፣ ሰዓት ይጽፋል፣ የአቤት ባዩን ቃል ይጽፋል። ያ ገጽ በአግባቡ ከተጻፈ ጉዳዩ በይግባኝ የትም ቢደርስ የሚቆምበት መሠረት አለው። ከተበላሸ ግን ከወረዳ እስከ ሰበር ያሉ ዳኞች ሁሉ ቢሰየሙ የታጠበውን ደም፣ የተረገጠውን ዱካ፣ በፍርሃት የሸሸውን ምስክር መልሰው አያገኙትም።

ያንን ገጽ የሚጽፈው የእኛ ልጅ ነው። ስሙ በገጹ ላይ የሰፈረው ተጠርጣሪ የእኛ ልጅ ነው። በሩ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ የምትጠብቀው ተበዳይ የእኛ ልጅ ናት። ስለዚህ መርማሪው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ዳኛው፣ የማረሚያ ቤቱ መኮንን ከሥራቸው ሳይነሡ በወንጀል ፍትሕ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት የሚማሩበትን መንገድ መጥረግ የእነርሱ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዳሞት ሶሬ ሕዝብ ጉዳይ ነው፤ የወላይታ ሕዝብ ጉዳይ ነው፤ የሁላችንም ዕዳ ነው።

ስለምን ዓይነት ትምህርት እንደምንናገር ግልጽ ይሁን። የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ በሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ለሙያው የሚያስፈልጉትን ጥቂት ኮርሶች መርጦ፣ በቅዳሜና እሁድ ወይም በክረምት፣ ከማስተርስ ባጠረ ጊዜ የሚያጠናቅቀው ትምህርት ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ሥራ ጥሎ፣ ቤተሰብ በትኖ ሌላ ከተማ መማር ለብዙዎቹ ባለሙያዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ ነገርም አይደለም። መምህሮቻችን ስንት ክረምት ደብተር ይዘው ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወርደዋል! በዲግሪያቸው ላይ የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ የጨመሩት፣ እኛ ፒጂዲቲ እያልን የምንጠራውን የተማሩት፣ በየትምህርት ቤቱ አሉ። ልጆቻችንን ለሚያስተምረው ሰው ይህ ካስፈለገ፣ ልጆቻችንን ለሚያስረውና ለሚፈታው ሰው እንዴት አያስፈልግም?

በሌላው ዓለምም ነገሩ የተጀመረው ከሥራው መካከል ነው። በአሜሪካ የበርክሌይ ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበረው ኦገስት ቮልመር ራሱ መደበኛ ትምህርቱን እምብዛም ያልገፋ ሰው ነበር። እርሱ ግን ፖሊሶቹን ያለ ትምህርት መተው አልፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1916 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ በዩኒቨርሲቲው የእረፍት ወራት የወንጀል ጥናት ኮርሶችን አስጀመረ። የተማረ አለቃ የተማረ ሠራተኛ ቢፈልግ አይገርምም፤ ያልተማረ አለቃ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሠራተኛ ሲፈልግ ግን ክብር ይገባዋል። የእኛም አለቆች ከዚህ ሰው የሚወስዱት ነገር አለ።

ለምን አሁን? ሕጉ አንድ ቦታ ቆሞ ስለማይጠብቀን ነው። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅ ጠልፎ የወሰደ ሰው በኋላ በሕግ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው፤ ጋብቻው ቢፈጸምም ጠላፊው በወንጀል ይጠየቃል። በሩ እንዲዘጋ በ1987 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና እንደ መዓዛ አሸናፊ ያሉ ሴቶች ዓመታት ታግለዋል። ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ ለማድረግ ግን አንድ ሰው ይበቃል፦ «ቤተሰቦቹ ተስማምተው የለ እንዴ» ብሎ አቤቱታውን ሳይመዘግብ የሚመልስ ተረኛ።

ሌላም አለ። በ1997 በአዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ በቅጽ ላይ ሲደራረቡ ኖረዋል። በ2002 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ መጣ፣ በ2006 ተሻሻለ። በ2003 የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ወጣ። በ2008 የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ፣ በ2012 ደግሞ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178 ታወጁ። የመጨረሻው ለወላይታ ሩቅ አይደለም። ሥራ አለ፣ ትምህርት አለ ተብለው በደላላ እጅ ወደ ከተማ የተወሰዱ ሕፃናት፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ላይ የቀሩ ወጣቶች ከየትኛው ቀበሌ እንደወጡ እናውቃለን። ደላላውን የሚይዘው መርማሪ የስልክ ልውውጥን፣ የገንዘብ ዝውውርን፣ የሕፃን ምስክርነትን እንዴት ወደ መዝገብ እንደሚያስገባ ካላወቀ፣ ደላላው በዋስ ወጥቶ በማግሥቱ ሌላ ልጅ ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው የመጀመሪያው አርባ ስምንት ሰዓት ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል። ለጉዞው የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ተገዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንዳይሆንበት ያዛል። ሦስቱም በጣቢያ ውስጥ የሚፈጸሙ ወይም የሚጣሱ ናቸው። በቤቱ ወላይትኛ ብቻ የሚናገር ገበሬ ቃሉ በአማርኛ ሲጻፍ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ተነቦ ተተርጉሞለት ነው የሚፈርመው? የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሰርቆ ቢያዝ፣ ከዘጠኝ ዓመት እስከ አሥራ አምስት ያለ ልጅ ከአዋቂ እስረኛ ጋር መታሰር እንደሌለበት ተረኛው ያስታውሳል? በዱላ ቃል የሚያወጣ መርማሪ ብዙ ጊዜ ሌላ መንገድ ያልተማረ መርማሪ ነው። ይህን ስንል ዱላውን ማቃለላችን አይደለም፤ ዱላውን ከእጁ የሚያስጥለውን ነገር መፈለጋችን ነው። ዱካ ማንሣት የሚችል፣ ኤግዚቢት መጠበቅ የሚችል፣ ምስክርን በትዕግሥት መጠየቅ የሚችል ሰው በጥፊ የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም።

የዚህ ትምህርት ትልቁ በረከት ግን ከመጻሕፍቱ ሳይሆን ከአግዳሚ ወንበሩ ይመጣል ብለን እናምናለን። መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ ዛሬ የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ሲመላለስ ነው፤ አንዱ «ምርመራው ይሟላ» ብሎ ይመልሳል፣ ሌላው «ምን ጎደለው?» ብሎ ያጉረመርማል። በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ቢቀመጡ ምን እንደጎደለው ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። አጠገባቸው የጤና ጣቢያ ነርስ ትቀመጥ፤ የተደፈረች ልጅ መጀመሪያ የምትደርሰው እርሷ ዘንድ ነውና፣ የኦቶና ሆስፒታል ሐኪም የሚሰጠው የሕክምና ማስረጃ በችሎት ፊት እንዲቆም የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ያህል እንደሚወስኑ ትስማ። የማረሚያ ቤት መኮንን ይቀመጥ፤ የተፈረደበት ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ የምንቀበለው እኛ ነንና። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ፣ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛው፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ይቀመጡ። በመዝገብ የሚተዋወቁ ሰዎች በስም ይተዋወቁ።

ሽማግሌዎቻችንም ከክፍሉ ውጭ መቅረት የለባቸውም። ወላይታ ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ሸንጎ ላይ ተቀምጦ ነገር የሚያይ፣ የዘመን መለወጫው ጊፋታ ከመግባቱ በፊት ዕዳውን ከፍሎ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሕዝብ ነው። መሬታችን ጠባብ ነው፤ የአንዱ እንሰት ከሌላው እንሰት ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። በአንድ ክንድ ድንበር የተጀመረ ጭቅጭቅ በገጀራ እንዳያልቅ የሚጠብቀን ከጣቢያው ይልቅ ሽማግሌው ነው። ስለዚህ አባቶች እንደ አስተማሪ ይጋበዙ፤ ወጣቱ መርማሪ እንዴት እንደሚያዳምጡ ይማርባቸው። በሌላ በኩል የተደፈረችን ልጅ ጉዳይ በበሬና በካሳ መዝጋት እርቅ አይደለም፤ ይህን ደግሞ አባቶች ከባለሙያው ይስሙ። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ድንበር የሚያውቁበት ቦታ ያስፈልገናል።

በጥንቃቄ መመዝገብ ምን እንደሚያስገኝ ጉኑኖ ከብዙዎች በላይ ታውቃለች። በ1970ዎቹ ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ከወሎው ማይባር፣ ከሸዋው አንዲት ጥድ፣ ከጎጃሙ አንጀኒ ጋር አንዷ ጣቢያ ጉኑኖ ነበረች። የወረደው ዝናብና ታጥቦ የሄደው አፈር እየተለካ ይጻፍ ነበር። ያ ሥራ ጉኑኖን በዓለም የአፈር ምሁራን ዘንድ የታወቀች ስም አደረጋት። የአፈራችንን መጥፋት በዚያ ትዕግሥት ከመዘገብን፣ የሰውን ቃል በዚያ ትዕግሥት መመዝገብ አይሳነንም።

ዕድሉም ቅርብ ነው። በ1999 የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲው ካለበት አካባቢ ጋር አብሮ መሥራት ግዴታው ነው፤ እኛም ዩኒቨርሲቲውን በደጁ ቆመን መጠየቅ ግዴታችን ነው። ትምህርቱ ለጉኑኖና ለአረካ ባለሙያ የሚመች ሰዓት ይኑረው፤ ክፍያው ከሳጅን ደመወዝ ጋር ይመዛዘን፤ ከተቻለም መምህራኑ ወደ ወረዳ ይውረዱ።

ሁላችንም የምናዋጣው አለን። የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ቅዳሜን ያዋጣ፤ ለተማሪው ፈረቃውን ያስተካክልለት። የሥራ ባልደረባው አንድ ሌሊት ያዋጣ፤ በእርሱ ፈንታ ተረኛ ይሁን። ባለቤቱ ትዕግሥቷን፣ ባለቤቷ ትዕግሥቱን ያዋጣ፤ ፈተና በደረሰ ሰሞን የልጆችን ጣጣ አንዱ ለብቻው ይሸከም። ዳኛው ከሃያ ዓመት ችሎት ያከማቸውን ያዋጣ፤ የተበላሹ መዝገቦች የት የት እንደተበላሹ ስም ሳይጠራ ያስተምር። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ አዳራሽ ያዋጡ። ዕድሩ ካዝናውን ከፍቶ የአንድ ተማሪ የትራንስፖርት ገንዘብ ያዋጣ። በደቡብ አፍሪካ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ያገለገሉ ላፕቶፖችንና መጻሕፍትን ያዋጡ። እኛ ባለጉዳዮቹም እውነትን እናዋጣ፤ የጎረቤታችንን ጥል አይተን «አላየሁም» የምንል ከሆነ የትኛውም ሰርተፍኬት አያድነንም።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ወረቀት የምንወድ ሕዝብ ነን። ሳሎን ውስጥ በመስተዋት የተሰቀለ ምስክር ወረቀት ያኮራናል፤ ለደረጃ ዕድገት ብቻ የተማረ ሰው ግን፣ ይባስ ብሎም ሳይማር ወረቀቱን የገዛ ሰው፣ አገር ምን ያህል እንዳስቸገረ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ይህን ትምህርት በተመራቂዎች ቁጥር አንለካው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት በቀረቡት ሰዎች እንለካው። «ይሟላ» ተብለው በማይመለሱ መዝገቦች እንለካው። ጣቢያ ሄዳ አቤት ብላ ቃሏ ተጽፎ በተመለሰች ሴት እንለካው።

የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በዳሞት ሶሬ ወረዳ የሚሠሩ ፖሊሶች፣ ዐቃቤ ሕጎች፣ ዳኞች፣ ሬጅስትራሮች፣ የጤና ባለሙያዎችና የማረሚያ ቤት መኮንኖች መማር የሚፈልጉትን፣ መማር የሚችሉበትን ቀንና መክፈል የሚችሉትን መጠን በአንድ ዝርዝር ያስፍሩ። የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ሠራተኛዬን እለቃለሁ» ብሎ ይፈርምበት። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ዝርዝሩን ይዘው ሶዶ ይውረዱ፤ የሕግ ትምህርት ቤቱን ኃላፊዎች አነጋግረው ከመስከረሙ የትምህርት ምዝገባ በፊት መልስ ይዘው ይመለሱ።