ደሎ መና ሳንደርስ

አባዬ የደሎ መና ልጅ ነው። በልጅነቱ ቡና የጫነ በቅሎ እየነዳ፣ በሀረና ደን ወጥቶ፣ ሳነቴን አቋርጦ ጎባ ገበያ ይደርስ ነበር። "ሳልሞት አንዴ በእግሬ ልድገመው" ሲለኝ የአራት ቀን ጉዞ አዘጋጀሁ። መነሻችን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ፣ መድረሻችን ደሎ መና። አስጎብኚና ፈረስ ይዘናል።

በመጀመሪያው ቀን ፊንጫ ሀበራ ደረስን። ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ይፋ እንዳደረጉት፣ እዚህ የዓለት ጥግ ሥር፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ኖረዋል። ዓለም የሚጎርፍለት የኢንካዎቹ ማቹ ፒቹ ዕድሜው 600 ዓመት ገደማ ነው፤ ከፍታውም 2,430 ሜትር።

ሌሊት አባዬን ራሱን ፈለጠው፤ አስመለሰውም።

"አባባ፣ ነገ ወደ ላይ የለም፤ እንወርዳለን" አለ አስጎብኚያችን።

"ልጄ፣ ይህን ተራራ አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ!"

እኔም የከፈልኩትን እያሰላሁ ዝም አልኩ። ሻይ የያዘው እጁ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ግን "እንውረድ" አልኩ። ሮቤ ስንደርስ ራስ ምታቱ ለቀቀው፤ ኩርፊያው ግን አልለቀቀውም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከአዳማ አምጥቼ በማግስቱ ተራራ አስወጣሁት። እናንተ ወላጅ ወይም ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ሮቤ ወይም ጎባ እደሩ፤ ዲንሾም አንድ ሌሊት ጨምሩ። ትርፍ ቀን ያዙ። ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ሳትከራከሩ ውረዱ።

አባዬ ለጥር ቀጥሮኛል። "አሁን ስድስት ቀን አድርገው" ብሏል።