ስለ ብስክሌት ቁልፍ

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት ለብዙዎቻችን እግር ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ዓባይ ድልድይ ስንሸራሸር ግን ከባዱን ሰንሰለት ሸክሙን ፈርተን ከቤት እንተወዋለን። ሻይ ለመጠጣት ስንገባም ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ያለ ቁልፍ ይቆማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ ከተሰረቀ በኋላ መጮህ ምን ይጠቅማል?

በእኛ አስተያየት፥ ከቤት ከቀረ ሰንሰለት ይልቅ ከኪስ የሚገባ ቀጭን የሽቦ ገመድ ቁልፍ ይሻላል። ከ200 ግራም በታች የሚመዝን ይገኛል። ነገር ግን አንታለል፤ መቁረጫ የያዘ ሌባ በጥቂት ሴኮንድ ይበጥሰዋል። የሚያግደው ዘሎ ተቀምጦ የሚሮጠውን ብቻ ነው። ስለዚህ ብስክሌቱን ከምናየው ቦታ እናቁመው። ጎማ በቀላሉ የሚፈታ ስለሆነ፥ ገመዱ በቴላዮው ውስጥ አልፎ ከማይነቀል ብረት ጋር ይታሰር። ለትምህርት ክፍልና ለቤተ መጻሕፍት፥ ይልቁንም ለሌሊት፥ ከባዱ ሰንሰለት አይቅር።

የሻይ ቤት ባለቤቶችም በደጃቸው አንድ ጠንካራ ብረት ቢተክሉልን፥ ሁለተኛውን ብርጭቆ ያለ ሥጋት እናዝ ነበር።